በኦቦ ጂራ ኪስ የዋለ መድኃኒት

በ1976 ዓ.ም. የካቲት ገባ ባለ ሰሞን፣ አንድ ሐሙስ ጧት፣ ኦቦ ጂራ ጌዶ ከተማ ክሊኒክ በር ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀምጠው ቁስል አጣቢውንና መድኃኒት ሰጪውን ድሬሰር ይጠብቁ ነበር። የመጡት ሊታከሙ አልነበረም፤ ሊቆጡ ነው። የልጅ ልጃቸው ጉዴ ሁለት ቀን ሙሉ ሲያስቀምጣት ቆይቶ፣ ምራታቸው ወርቂቱ ትናንት ከዚሁ ክሊኒክ በውሃ የሚበጠበጥ ሁለት ፓኬት መድኃኒት ተቀብላ ተመልሳለች። ኦቦ ጂራ ግን ፓኬቶቹን ከእጇ ወስደው ካፖርታቸው ኪስ ከተቱና፣ በማግስቱ ይገዙ ለሚባለው ለዚያው ድሬሰር ሊመልሱለት፣ የሚናገሩትን ቃል በመንገድ ሲያሰናዱ መጡ። ድሬሰሩ ለክትባት ገጠር ወጥቷል። በሩ ተቆልፏል። የሚቆጡት ሰው ያጡት ሽማግሌ ቃላቸውን እንደያዙ ቁጭ አሉ።

ኦቦ ጂራ የተማሩ ሰው ናቸው። ይህንንም ማንም ሳይጠይቃቸው ራሳቸው ይናገሩታል። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ቀበሌያቸው ሲደርስ ስልሳ ዓመት አልፏቸው ነበር፤ ቢሆንም ከልጅ እግሮቹ ጋር ተጋፍተው ተቀምጠው ፊደል ቆጠሩና የምስክር ወረቀታቸውን ተቀበሉ። ከዚያ ወዲህ የሳሙና መጠቅለያ ሆነ የማዳበሪያ ጆንያ፣ ጽሕፈት ያለበት ነገር ከዓይናቸው አያመልጥም። መጠየቅም ይወዳሉ። ሹፌር ካገኙ ስለ ሞተር፣ ወንጌላዊ ካገኙ ስለ ኖኅ መርከብ ስፋት ይጠይቃሉ፤ መልሱ ካልጣማቸውም ይከራከራሉ። ፓኬቱንም አንብበውታል፤ ጣጣው የመጣው ከዚያ ነው።

ጥቂት እንደቆዩ አንዲት ወጣት ሴት የቀኝ እጇን ጣት በሻሽ ጠቅልላ መጣች። "አከም ቡልተን፣ ኦቦ" ብላ በአክብሮት ጎንበስ ብላ ሰላምታ ሰጠችና ከወንበሩ ጫፍ ተቀመጠች። መምህርት ደብሪቱ ትባላለች፤ የአምቦ ልጅ ስትሆን በከተማው ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ ታስተምራለች። የመጣችው ቁስሏን ልታስጠርግ ነው። ኦቦ ጂራ የታሰረ ጣት አይተው ዝም የሚሉ ሰው አይደሉም።

"ጣትሽን ምን አገኘው፣ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ?"

"ብረት አቃጠለኝ፣ አባባ።"

"የጋለ ብረት?"

"የለም፣ ቀዝቃዛ ነው። ውሃ ሲነካው የሚነድድ ብረት ነው።"

ኦቦ ጂራ ወንበሩ ላይ ተንሸራተው ተጠጓት። ውሃ እሳት ያጠፋል ሲባል እንጂ ያነድዳል ሲባል ሰምተው አያውቁም። ደብሪቱም አስረዳቻቸው። ብረቱ በቢላ የሚቆረጥ ለስላሳ ነው፤ እርጥበት እንዳያገኘው ዘይት ውስጥ ይቀመጣል። ለተማሪዎች ሲታይ የምስር ፍሬ የምታህል ተቆርጣ ውሃ ላይ ትጣላለች፤ እሷ ግን ትናንት ተማሪዎቹን ላስደስት ብላ ባቄላ አሳክላ ቆረጠችና ፈንድቶ ጣቷ ላይ አረፈ። ጥፋቱም የራሷ እንጂ የማንም እንዳልሆነ አልሸሸገችም። ይህ እውነተኝነቷ ሽማግሌውን ደስ አሰኛቸው።

"ስሙ ማነው?" አሉ።

"ሶዲየም።"

የኦቦ ጂራ እጅ ወደ ካፖርታቸው ኪስ ሄደ። ፓኬቱን አውጥተው ራቅ አድርገው ያዙትና፣ እያንዳንዱን ፊደል በጣታቸው እየነኩ፣ "ሶ-ዲ-የም ክሎ-ራይድ" ብለው አነበቡ። ፊታቸው ጠቆረ። እሳቸው ትናንት የፈሩት ሁለተኛውን ቃል ብቻ ነበር፤ የመጀመሪያው ደግሞ ይሄው የመምህርቷን ጣት ያቃጠለው ሆኖ ተገኘ።

ክሎሪንን የሚያውቁት በወሬ አይደለም። በጎልማሳነታቸው ሩቅ አገር በአንድ የውሃ ማጣሪያ ዘበኛ ነበሩ። አንድ ቀን የክሎሪን ሲሊንደር አፈትልኮ፣ ቢጫ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ጭስ ክፍሉን ሞላው። ሁለት ሳምንት ደም ሳሉ። ዛሬም ዳገት ሲወጡ ደረታቸው ያፏጫል። ያንን የቀመሰ ሰው ክሎሪን የሚል ነገር ለሕፃን አይሰጥም፤ በዚህስ ማን ይፈርድባቸዋል?

"እንግዲህ አንዱ ጣትሽን በላው፣ አንዱ ሳንባዬን በላው። ሁለቱን ቀላቅለው ለዓመት ከሁለት ወር ልጅ አጠጡ ይሉናል።"

ደብሪቱ ፓኬቱን ሳይሆን እሳቸውን አየች። "ልጅቷ እስካሁን ምንም አልተሰጣትም?" አለች። አልተሰጣትም። ወዲያው ተነሳች፤ ቁስሏንም ረሳችው። ተቅማጥ የያዘው ሕፃን የሚሞተው ውሃውና ጨው ከሰውነቱ ተሟጦ ሲያልቅ እንደሆነ፣ አሁን በክርክር የሚያልፈው ሰዓትም ከጉዴ ዕድሜ የሚቀነስ እንደሆነ ነገረቻቸው።

ኦቦ ጂራም ከወንበሩ ተነሱ። ጉዴ ለቤቱ በጉዲፈቻ የመጣች ልጅ ናት። ልጃቸው ተሬፋና ወርቂቱ ስምንት ዓመት ልጅ አጥተው ሲኖሩ፣ ብርዳማዋ ጎጆ ከተማ አጠገብ የሚኖረው ቦጂያ የሚባል ገብስ አራሽ፣ ልጆች የሞሉት ሰው፣ ጉዴን ሰጣቸው። ሊቀበሏት የሄዱት ራሳቸው ኦቦ ጂራ ናቸው፤ በሽማግሌዎች ፊት "ክፉ አይነካትም" ብለው ቃል ገብተዋል። "አሁን አጉል ነገር ሰጥቼ ብትሞት ለቦጂያ ምን እለዋለሁ? ሳልሰጣት ብትሞትስ ምን እለዋለሁ?" አሉ። 

"እየሄድን እንከራከር፣ አባባ" አለች ደብሪቱ። "ካላሳመንኩዎት ፓኬቱ ኪስዎ ይቅር።"

ቤታቸው ግማሽ ሰዓት ያስኬዳል። ከከተማው ሳይወጡ ደብሪቱ ከአንዲት ቸርቻሪ ጭብጥ ጨው ገዛችና ይቅመሱ አለቻቸው። ቀመሱ። ጨው ነው። ስሙን ኬሚስቶች ምን እንደሚሉት ስትነግራቸው ግን መንገድ ላይ ቆሙ፤ ሶዲየም ክሎራይድ ነው አለቻቸው። ኦቦ ጂራ ሳቁ። እድሜ ልካቸውን በወጥ ሲበሉት ለከብት ሲያልሱት የኖሩት ነገር እሳትና መርዝ ነው መባሉ ቀልድ መሰላቸው።

ደብሪቱ አልሳቀችም። ነገሩ ሁሉ አተም ከሚባሉ እጅግ ደቃቅ ነገሮች እንደተሠራ፣ በአተሙም ዙሪያ ኤሌክትሮን የሚባሉ ከእሱም የደቀቁ ነገሮች በረድፍ በረድፍ እንደሚኖሩ አስረዳች። ሶዲየም አሥራ አንድ ኤሌክትሮን አለው፤ አሥሩ በውስጠኞቹ ረድፎች ረግተው ተቀምጠዋል፣ አንዱ ግን በውጭኛው ረድፍ ብቻውን ነው። ያችን አንዷን ላገኘው ሁሉ ለመስጠት ይቸኩላል፤ ውሃ ሲነካው የሚነድደው ለዚህ ነው። ክሎሪን ደግሞ በውጭኛው ረድፉ ሰባት አለው፤ ረድፉ የሚረጋው ስምንት ሲሞላ ነው። አንድ ስለጎደለው ካገኘው ላይ ይነጥቃል።

"ሳንባዎን ያቃጠለው ያ ንጥቂያ ነው" አለች።

ኦቦ ጂራ ደረታቸውን ዳሰሱ። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ለምን እንዳቃጠላቸው የነገራቸው አንድም ሰው አልነበረም። ጥቂት እንደተራመዱ፣ "እና ሁለቱ ቢገናኙ?" አሉ።

"ሶዲየም የተረፈችውን ይሰጣል፣ ክሎሪን የጎደለችውን ይቀበላል። ሁለቱም ይረጋሉ።"

ሽማግሌው አሁንም ቆሙ። "ይሄማ ጉዲፈቻ ነው" አሉ ቀስ ብለው። "አንዱ ቤት ሞልቶ ተረፈው፣ አንዱ ቤት ጎደለው። ልጅ ተሰጠና ሁለቱም ቤት ሰላም አገኘ።"

ደብሪቱ እንደዚህ ያለ ምሳሌ ከመጽሐፍ አላገኘችም፤ በልቧ ያዘችው። ግን መምህርት ናትና እንዳለ አልተወችውም። አተም ፍቅር እንደማያውቅ፣ የሚያያይዛቸው ሌላ ኃይል እንደሆነ ነገረቻቸው። ኤሌክትሮን የኔጋቲቭ ወገን ናት። የሰጠው እሷ ስትጎድልበት ፖዘቲቭ ይሆናል፣ የተቀበለው ኔጋቲቭ ይሆናል፤ የራዲዮ ድንጋይ ሁለት ጫፍ እንዳለው ማለት ነው። ያን ጊዜ እያንዳንዳቸው አዮን ይባላሉ። ተቃራኒዎቹ ይሳሳባሉና አጥብቀው ይያያዛሉ፤ ጥንድ ጥንድ ብቻ ሆነው ሳይሆን፣ አንዱ ሶዲየም በስድስት ክሎራይድ፣ አንዱም ክሎራይድ በስድስት ሶዲየም ተከብቦ፣ ተደርድሮ ተደርድሮ የጨው ቅንጣት ይሆናል።

"አሁን ክሎራይድ አልሽ" አሉ ኦቦ ጂራ። እንዲህ ያለ ነገር አያመልጣቸውም።

ደብሪቱ ስሙ ለጌጥ እንዳልተለወጠ አስረዳች። ክሎሪን ብቻውን ሆኖ የሚነጥቀው ነው፤ ኤሌክትሮን ተቀብሎ ጠባዩ ከተለወጠ በኋላ ግን በድሮ ስሙ አይጠራም። ሰጪው ስሙን እንደያዘ ከፊት ይቀድማል፣ ተቀባዩ በ"አይድ" እየጨረሰ ይከተላል። ኦክሲጅን ኦክሳይድ፣ አዮዲን አዮዳይድ ይሆናል። ኦቦ ጂራም ምራታቸውን ወርቂቱን መንደሩ ዛሬ ሃዳ ጉዴ፣ የጉዴ እናት፣ ብሎ እንደሚጠራት አስታወሱና በሆዳቸው ተስማሙ። ከዚያማ ጥያቄው ተራ በተራ መጣ። ሁለት የሚሰጥ አተም አለ ወይ? አለ፤ ካልሲየም ሁለት ይሰጣል፣ ስለዚህ አንዱ ካልሲየም ሁለት ክሎራይድ ይይዛል፤ ቢሆንም ስሙ ካልሲየም ክሎራይድ ብቻ ነው፤ ምን ያህል እንደሚሰጥ የታወቀ ስለሆነ ቁጥር መጥራት አያሻም። ጠባዩን የሚለዋውጥስ? ማረሻ የሚሠራበት ብረት አንዳንዴ ሁለት፣ አንዳንዴ ሦስት ይሰጣል፤ ስለዚህ ስሙ ሲጠራ ቁጥሩም ይነገራል።

ኦቦ ጂራ ፓኬቱን እንደገና አወጡ። "ፖታሲየም ክሎራይድ። ይሄም ሰጪና ተቀባይ ነው" አሉ ሳይጠየቁ። "ሶዲየም ባይካርቦኔትስ? በአይድ አልጨረሰም።" ያ ደግሞ ብዙ አተሞች ተጣብቀው እንደ አንድ ቤተሰብ የሚንቀሳቀሱበት አዮን ስለሆነ የራሱ ስም እንዳለው፣ ከብቶቻቸው ወደ ጨዋማው ምንጭ፣ ወደ ሆራ፣ ወርደው ከሚጠጡት ውሃ ውስጥም እንደሚገኝ ሰሙ። የመጨረሻው ግሉኮስ ነው፤ እሱ ስኳር ነው።

ቤቱ ከሩቅ ታየ። ኦቦ ጂራ ፈጠን ፈጠን ሲሉ ቆዩና በድንገት እንደገና ቆሙ። የቀረቻቸው አንዲት ፍርሃት ይህች ነበረች።

"መድኃኒቱ ውሃ ውስጥ ይጨመራል። ጨው ውሃ ሲገባ ይሟሟል። ተያይዘው የነበሩት ከተለያዩ ያ መርዝ፣ ያ እሳት አይመለስም?"

ደብሪቱ በሁለት ዓመት ማስተማሯ ይህን የጠየቃት ተማሪ እንዳልነበረ በኋላ ለብዙ ሰው ተናግራለች።

"ይለያያሉ፣ አባባ። ግን የተሰጠችው ኤሌክትሮን አትመለስም። ሶዲየሙ እንደሰጠ፣ ክሎራይዱ እንደተቀበለ ይኖራል። የልጅቷ ደም የሚፈልገው እነሱን ነው፤ በተቅማጡ የወጡት እነሱ ናቸውና።"

ኦቦ ጂራ ወደ ቤቱ አዩ። "እኛም የተሰጠችንን ጉዴን ለቦጂያ አንመልሳትም" አሉ። ፓኬቶቹንም በደብሪቱ እጅ አስቀመጡ።

ወርቂቱ ልጅቷን ታቅፋ ደጃፉ ላይ ነበረች። አማቷን በቁጣ አየቻቸውና ውሃ ልታፈላ ተነሳች። የፈላ ውሃ ቀዝቅዞ፣ በሦስት የቢራ ጠርሙስ ተለክቶ አንድ ሊትር ገደማ ሲሆን አንዱ ፓኬት ሙሉውን ተበጠበጠበት። ኦቦ ጂራ መጀመሪያ ራሳቸው አሸተቱት፤ አፍንጫቸው የሚያውቀው ሽታ የለም። ቀመሱት። ከዚያ ማንኪያውን ያዙና እስኪመሽ ድረስ ለማንም አልለቀቁም። ስታስመልስ ጥቂት ጠብቀው፣ ቀስ እያሉ፣ በማንኪያ በማንኪያ ሰጧት። የጡት ወተቱም አልተቋረጠም፤ ወርቂቱ ስላልወለደች ልጅቷን እንድታጠባላት የለመነቻት አንዲት ጎረቤት እየመጣች አጠባቻት።

በማግስቱ ጧት ጉዴ ማንኪያውን ስታይ አለቀሰች። በነዚያ ሁለት ቀናት ስታለቅስ ዓይኗ ደረቅ ነበር፤ አሁን እንባዋ በጉንጯ ወረደ። ኦቦ ጂራ በጣታቸው ጠረጉትና ቀመሱት። ጨው ነው። ስሙን ከነአባቱ ጠሩት፣ እሳቸውም አለቀሱ።

ወሬው ጎጆ ከተማ ደርሶ ኖሮ ቦጂያ ለእሑድ በበቅሎ ደረሰ። ጉዴ ስትድህ አገኛት። ወርቂቱ ነገሩን ልታለሳልስ ብትሞክርም ኦቦ ጂራ አልፈቀዱም። መድኃኒቱን አንድ ቀን ሙሉ ኪሳቸው አስቀምጠው እንደዋሉ፣ ስም አንብበው ትርጉሙን ሳይጠይቁ እንደፈረዱ፣ ልጅቷ ብትሞት ገዳይዋ እሳቸው እንደነበሩ በግልጽ ነገሩትና ይቅርታ ጠየቁት።

ቦጂያ የሽማግሌውን እጅ ያዘ።

"ባለፈው ክረምት ትንሹ ልጄ በዚሁ በሽታ ሞተብኝ፣ ኦቦ ጂራ" አለ። "እንዲህ ያለ ፓኬት ሰጥተውን ነበር። ምን እንደሆነ ያነበበልን ሰው ስላልነበረ ፈርተን አስቀመጥነው። እስከ ዛሬ እዚያው መደርደሪያው ላይ አለ።"

 ኦቦ ጂራ ካፖርታቸውን ለበሱ፤ ሁለተኛውን ፓኬት ኪሳቸው ከተው ከቦጂያ ጋር ወደ ጎጆ ወጡ። ደረታቸው ዳገቱ ላይ እያፏጨ፣ በየቀበሌው እናቶችን ሰብስበው ውሃው እንዴት እንደሚፈላ፣ በስንት ጠርሙስ እንደሚለካ፣ በውስጡ ያለው ምን እንደሆነና ለምን እንደማያስፈራ ሲያስረዱ ሰነበቱ። በየመደርደሪያው ተጥሎ የቆየ ፓኬት እየወጣ መጣላቸው፤ ሁሉንም ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው ጮክ ብለው አነበቡላቸው።