በዓሣ ክር የታሰረው ራይ

— ሄሎ?... ሆሊስ! እንዴት አደርክ?... አለሁ፣ አለሁ። ከነጋ ጀምሮ ብርጭቆዎቹ ፊት ተገትሬ ስልክህን ስጠብቅ ነው።

— ኖርማ፣ ሬዲዮኑን ቀንሺው እስቲ! ሆሊስ ነው... ሰላም ብላሃለች።... ኧረ ማንም አላጠባቸውም! ትናንት ከእሳት አደጋ ጣቢያው አዳራሽ ይዤ እንደገባሁ አምስቱንም ከድኜ ነው ያሳደርኳቸው። ራይ ውስኪ ማታ በምላስ ይቀመሳል፣ ጠዋት በባዶው ብርጭቆ ሽታ ይፈረዳል። የቅምሻ ማኅበራችንን ደንብ ያወጣሁት እኔ አይደለሁ እንዴ?

— ትሰማኛለህ?... እሺ፣ ነጥቤን ጻፍ። አንድ ቁጥር፣ አምስት። ስኳር ስኳር ይላል፤ የራይ ካባ የደረበ ቡርቦን፣ የበቆሎ ውስኪ ነው።... ከሃያ አምስት ዶላር በታች ነው ብለህ አታባብለኝ! ርካሽ ሁን አልን እንጂ ውሸታም ሁን አላልንም።... ሁለት ቁጥር፣ ሰባት። ቁንዶ በርበሬው ደህና ነው፣ ግን ጉሮሮ ላይ ይሮጣል። ምን እንዳስቸኮለው እንጃ።... ሦስትን ቆይ። አራት ቁጥር፣ ስድስት። አምስት ቁጥር ዘጠኝ!... አዎ፣ ዘጠኝ። ቀረፋው፣ ናናው... ያመጣው ሰው እጁ ይባረክ።

— ሦስት ቁጥር?... አራት።... አዎ፣ አራት ከአስር።... ጻፈው እንጂ! ሄሎ?... ምክንያት? ጥሬ ነዋ! እንጨት እንጨት ይላል።... እሺ፣ ልናገረው። ጠርሙሶቹን በወረቀት ከረጢት የምንሸፍነው ማን እንዳመጣቸው እንዳይታወቅ ነው አይደል? ታዲያ የዚያ ከረጢት አንገት በምን ነበር የታሰረው? በዓሣ ማጥመጃ ክር! በዚህ ከተማ ከዓሣ ሌላ ወሬ የማያውቅ ማን ነው?

— አዎ፣ ዴልበርት! ምን አደረገህ ትላለህ? ወንዙን ተሻግሮ ከኦሃዮ ወደ ኬንታኪ ከመጣ ገና ስድስት ወሩ ነው፤ ትናንት የት ነው የተቀመጠው? በቀኝህ! የሃያ ሁለት ዓመት ወንበሬ ላይ!... ቀናህ ነው የምትለኝ? አዎ፣ ቀናሁ! ክላይድ ቀናተኛ ነው ብለህ ጻፍ! ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ከእሱ ጋር ሐይቅ ነው፣ ሐይቅ። እኔን አንድ ቀን "ዓሣ ማጥመድ ትወዳለህ ወይ?" ብለህ ጠይቀኸኛል?... አልወድም! ግን ልትጠይቀኝ ትችል ነበር።

— ኖርማ፣ ተይው ያንን!... ቆይ ሆሊስ፣ ይቺ ሚስቴ ሦስት ቁጥር ውስጥ አፍንጫዋን ከታለች።... ምን ይላል አልሽ?... ትኩስ ዳቦ? በድንብላል?... ምን?... ሆሊስ፣ ያኔ የተቃጠለውን የትምባሆ ማድረቂያ ቤትህን አብረን መልሰን ስንሠራ፣ ማታ ማታ ሸሚዜ እንዲህ እንዲህ ይሸት ነበር ትላለች። ከየት አመጣችው!

— ምን አልክ?... ድገመው።... የአንተ ነው? ሦስት ቁጥርን ያመጣኸው አንተ ነህ?... ክሩስ?... ሌላ ማሰሪያ ስላጣህ።... ያ ቢጫ ወረቀት የተለጠፈበት ውስኪ? የማድረቂያ ቤቱ ጣሪያ ላይ ቁጭ ብለን በቴርሞስ ክዳን የጠጣነው? እሱ እኮ ከገበያ ከጠፋ ሠላሳ ዓመቱ!... እንደገና ወጣ?... ክላይድ በአንድ ጉንጭ ይለየዋል ብለህ...

— አለሁ።... ብርጭቆውን እንደገና እያሸተትኩት ነው።... ዴልበርት ስንት ሰጠው?... ዘጠኝ።... እሺ።

— ሆሊስ፣ እውነቱን ልንገርህ። አፌ ወዶት ነበር። መዳፌ ላይ አሽቼ ሳሸተውም ልቤ የሆነ ነገር ብሎኝ ነበር። ክሩን ሳይ ግን ውስኪውን ትቼ ሰውየውን ቀመስኩት።... አይሆንም! አራቱ አራት እንደሆነ ይቅር። የተነገረ ነጥብ አይመለስም ብዬ ያስጻፍኩት እኔው ነኝ፤ የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።... እና ማን አሸነፈ?... አምስት ቁጥር? እኔ ዘጠኝ የሰጠሁት?... የዴልበርት ነው እንዳትለኝ።... በለኝ፣ በለኝ። ይገባኛል። እጁ ይባረክ ብዬ መረቅኩት እኮ!

— ኖርማ፣ አትሳቂ!

— አሁን የት ነው ያለው?... እዚያው? ኩሽናህ ውስጥ? ሰምቶኛል?... እሱስ ልክ ነህ፣ እኔ ስጮህ ያለ ስልክም ድምፄ ይሰማል።... ምን አለ?... "ከእኛ ጋር ሐይቅ ና በለው" አለ? እሱ ራሱ?... እኔ እኮ መንጠቆውን በየት በኩል እንደሚይዙት እንኳ አላውቅም።... ጀልባዋ ስንት ሰው ትይዛለች?... ሦስት።

— ኖርማ፣ ኮቴን አቀብዪኝ!... እሺ፣ መጣሁ። ቢጫውን ጠርሙስ እንዳትረሳው፣ ዳር ስንወጣ ልቤን ንጹህ አድርጌ እቀምሰዋለሁ።... አዎ፣ ሰላም እለዋለሁ። እጁንም እጨብጠዋለሁ።... አንድ ነገር ግን፣ ሆሊስ፣ አሁኑኑ ንገረው፦ መሃላችሁ የምቀመጠው እኔ ነኝ። በል፣ ቻው።