የአበባው ምርጊት

ከአርብ ገበያ ስመለስ የጎረቤቴን የአያ ካሴን የእህት ልጅ ልመንህን መንገድ ላይ አገኘሁት። በምሥራቅ በረሃ ከጋዝ ጉድጓድ ቆፋሪዎች ጋር ይሠራል። የመጣው ለአያ ካሴ ልጅ ለአበባው ለቅሶ ሊደርስ ነው። አብረን ገባን።

አያ ካሴ ደጅ ተቀምጠዋል። የአበባው ልጅ ማክዳ አጠገባቸው ተኝታለች። አባቷን የገደለው የወንዝ ውሃ እሷንም ሆዷን ይዟታል።

«ጉድጓድ እያለ ለምን ከወንዝ ትጠጣላችሁ?» አለ ልመንህ።

«ነጠፈ። አበባው ድንጋዩ እንዳይናድ ብሎ አምና ከላይ እስከ ታች በጭቃ መረገው፤ ብዙም ሳይቆይ ነጠፈ። የእግዜር ቁጣ ነው» አሉ አያ ካሴ።

ልመንህ በገመድ ወርዶ አይቶ ወጣ።

«ውሃው ከአለቱ ውስጥ አለ፤ ምርጊቱ ነው የዘጋው። ይፋቅ።»

«የልጄ የጣቶቹ አሻራ አለበት እኮ። ደሞስ ምን ልትለኝ ነው? ወንዝ ያወረደን፣ ራሱንም የገደለው እሱ ነው?»

 ልመንህ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«አባባ፣ የኛ ጋዝ ያለው በጥብቅ አለት ውስጥ ነው፤ ቀዳዳውን ዓይን አያየውም። ሲቆፈር ግድግዳው እንዳይናድ ጭቃ ይለቀቅበታል። ጭቃው ሰርጎ ቀዳዳውን ይወትፈዋል፤ የጭቃው ውሃም እዚያው ይቀራል። ሰፊ ቀዳዳ ያለው አለት መልሶ ይተፋዋል፤ ጥብቁ አይተፋም። ጋዙ ከኋላ ሞልቶ ሳለ ጉድጓዱ ባዶ ነው ተብሎ ይተዋል። ይህን የሚያደርጉት የተማሩ መሐንዲሶች ናቸው።»

«እነሱም?»

«እነሱም። አሁን ግን ጭቃውን መርጠው ያቀሉታል። አበባውም ሰው ላይ እንዳይናድ ብሎ ነው የመረገው። ሐሳቡ ልክ ነበር።»

«የጠገነው ጣራዬ ሲያፈስም መሐንዲስ ነኝ ይል ነበር» አሉ አያ ካሴ።

ማክዳ ውሃ አለች። አያ ካሴ ከእንስራው ሊቀዱ ጎንበስ ብለው፣ የወንዙን ውሃ አይተው ቆሙ። ከዚያ ዶማቸውን አነሡ።

«እኔው ነኝ የምፍቀው።»

እነሱ ሲፍቁ እኔ ማክዳን አዝዬ ጤና ጣቢያ ወሰድኋት። ተረፈች። አለቱም በማግስቱ ማላብ ጀመረ፤ ከሰነበተ በኋላ ባልዲ ያሰጥም ጀመር። ግድግዳውን ያለ ጭቃ በድንጋይ ደረደርነው፣ ከጀርባው ጠጠር ሞላን። አሁን መንደሩ ወንዝ አይወርድም፤ የልጆቹም ተቅማጥ ቀነሰ። ከውሃው በላይ፣ የጉድጓዱ አፍ ላይ፣ አያ ካሴ አንድ ስንዝር ምርጊት ትተዋል።

ልመንህን ሲሸኙት «አምና ብትመጣ ኖሮ» አሉት። 

ይህን የምታነቡ፣ ጉድጓዳችሁን ልትመርጉ ጭቃ የለወሳችሁ፣ እናንተ ገና አምና ላይ ናችሁ፤ አልረፈደባችሁም።