አንካሳዋን አታምጣት

ያቺን አንካሳ በግ ባስታወስኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ኩዌት፣ ማህቡላ እየኖርኩ ከከተማ ወጣ ያለ የበግ ግቢ ላለው አሠሪዬ፣ ለባባ፣ መኪና እነዳ ነበር። መንግስት በግ ለሚያረባ ሁሉ በጎቹን አስቆጥሮ በቁጥራቸው ልክ መኖ በርካሽ ይሰጣል። ባባ ግን መኖውን ገበያ ወስዶ ይቸበችበዋል፣ በጎቹ ካርቶን ያኝካሉ። እረኛው ጋሽ በለጠ፣ "አንተ ልጅ፣ መንግስት ለእንስሳ ያዘዘውን እንኳ ይነጥቃሉ?" እያለ ይብሰለሰላል።

የቆጠራው ቀን ባባ፣ "ያላ፣ ጫን!" አለኝ። ጠዋት ጎረቤት ግቢ የተቆጠሩትን በጎች በፒካፕ አምጥቼ ከኛዎቹ ጋር ቀላቀልኳቸው። ቆጣሪው መጥቶ ሲቆጥር አንዲት አንካሳ በግ ጋ ቆመ።

"ይቺን ጠዋት እዚያ ማዶ አላየኋትም?"

ባባ ፊቱ አመድ መሰለ። ጋሽ በለጠ ክንዴን ጨበጠኝ። ባባ ተያዘ፣ ከእንግዲህ መኖው ለበጎቹ ሊደርሳቸው ነው ብዬ ልቤ ዘለለ። ቆጣሪው ግን የቆጠራውን ወረቀት ፈርሞ ለባባ ሰጠውና ወደኔ ዞረ።

"አንተ ሐበሻ፣ ሌላ ጊዜ አንካሳዋን አታምጣት፤ ትታወቃለች።"

ባባ በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ በለጠ እጁን ከክንዴ ላይ አነሳ።

በሚቀጥለው ቆጠራ ከሁሉም በፊት የጫንኩት አንካሳዋን ነው። እስቲ ደግሞ እያወቃት እንዳላወቀ ሆኖ ይፈርም!