የቲጃኒ ነጭ ውሃ

በወይራ ዘይቷ በታወቀችው የቱኒዚያ ከተማ በስፋክስ፣ ሽማግሌው ቲጃኒ በቶርኖ ቤታቸው ጓሮ ሟች ባለቤታቸው ዘኪያ የተከለቻትን ሮማን ከበርሜል በቀዱት ነጭ ውሃ እያጠጡ ሳለ፣ የጎረቤታቸው ልጅ ኤምና እናቷ የተዋሰችውን የዘኪያን የኩስኩስ ወንፊት ልትመልስ ገባች። ኤምና ተምራ የፋብሪካ ፍሳሽ የምታጣራ ናት። ወንፊቱን እንደያዘች ነጩን ውሃ አይታ ቆመች።

«አጎቴ፣ ምንድን ነው የሚያጠጧት?»

«ውሃ ነዋ! ቶርኖው ብረት ሲቆርጥ የሚቀዘቅዝበት። ዘይቱን አስቀርቼ ነው።»

«እንዴት አድርገው?»

«በትዕግሥት! አባቴ ወይራ ጨምቆ ይተወው ነበር። ዘይቱ ላይ ይወጣል፣ ውሃው ታች ይቀራል። እኔም ከሥር እቀዳለሁ። ይሄን አላስተማሩሽም?»

በስፋክስ ዘይት አይንሳፈፍም ብሎ ከመከራከር ፀሐይ አትወጣም ማለት ይቀላል። ኤምና ግን ደፈረች።

«የወይራው እውነት ነው። እዚህኛው ላይ ግን ሳሙና ተጨምሮበታል፤ ሳሙናው እያንዳንዷን የዘይት ጠብታ ይዞ አይለቅም። ንጣቱ እኮ ራሱ ዘይቱ ነው።»

ቲጃኒ የሚያጠጡበትን ጣሳ ቁልቁል አዩት። «ቅጠሏ ቢጫ ሲሆን ጠማት ብዬ ጨመርኩላት» አሉ ቀስ ብለው።

በማግሥቱ ኤምና መሥሪያ ቤቷ ወሰደቻቸው። ነጩን ውሃ ወፍራም መስታወት ባለው ጋን ውስጥ ከድና ጋዝ አመቀችበት።

«ለስላሳ ውስጥ የሚንፈቀፈቀው ጋዝ ነው። ሲታመቅ ውሃውን ያኮመጥጠዋል፤ ኮምጣጣ ሲነካው ሳሙናው ይለቃል። ስናስተነፍሰው ደግሞ አረፋው ዘይቱን ተሸክሞ ይወጣል።»

እንዳለችውም ሆነ፤ ላዩ ጠቆረ፣ ታቹ ጠራ።

«ዘኪያ ብትኖር ‹ነግሬህ ነበር› ትል ነበር።»

«ነግረውዎት ነበር እንዴ?»

«ስለዚህ እንኳ አይደለም። ስለ ሌላው ሁሉ።» ቀጠሉና፣ «የጠራውን ላጠጣት?»

«ኧረ በፍጹም! ገና ሌላ ማጣሪያ ይቀረዋል።»

«ታዲያ ምን ጠቀመኝ?»

«ዘይቱ ተመልሶ ሥራ ላይ ይውላል። ጋዙ ሲለቁት ይሄዳል፤ ሌሎች ዘይት ለመለየት እንደሚጨምሩት ጨውና አሲድ ውሃው ውስጥ አይቀርም። ትልቁ ጥቅም ግን መሬትዎ ያርፋል። ሮማኗም ታርፋለች።»

ሽማግሌው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። በርሜሎቹን ለኤምና አስረከቡ፤ የተበከለውን አፈር በእጃቸው ዛቁ፤ ለመጠጥ ያጠራቀሙትን የዝናብ ውሃ ለሮማኗ አካፈሉ። «ዘይቱ ይወጣል» የሚል ባለ ቶርኖ ሲያጋጥማቸው፣ «ወይራ መሰለህ?» እያሉ ወደ ኤምና ይልኩታል።

በመከር አንድ ፍሬ ብቻ ተገኘች፤ ትንሽ፣ ጎኗ የተሰነጠቀ። ቲጃኒ ግማሿን ለኤምና እናት ይዘው ሄዱ።

ኤምና ወንፊቱን አወጣች። «ይቅርታ አጎቴ፣ ያኔ ይዤው ወጣሁ።»

«እናንተ ጋ ይቆይ» አሉ። «ስፈልገው ደግሞ እኔ ልዋስ እመጣለሁ። ዘኪያ ሰው ሊዋስ የሚመጣበት ቤት ደስ ይላት ነበር።»