ስውር ስፌትና የስፒከሩ ሽቦ

አዛውንቱ ልብስ ሰፊ፣ ሰፈሩ «ስውር ስፌት» እያለ የሚጠራቸው፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የግቢውን በር ሲከፍቱ ላይኛውን ፎቅ ከተከራየችው ወጣት ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ልጅቱ ኤሌክትሪክ የተማረች መሐንዲስ ናት። በትከሻዋ አንድ ጥቅል ወፍራም ኬብል አንግታለች።

«ምነው ልጄ፣ በሬ ልታስሪበት ነው?» አሏት።

ስፒከሮቿን ልታገናኝበት መሆኑን ስትነግራቸው ከልባቸው ሳቁ። ቅጽል ስሙ በከንቱ አልወጣላቸውም፤ እሳቸው የሰፉት ኮት ላይ ክር ፈልጎ ያገኘ ደንበኛ የለም። ክሩ ከታየ እጁ ባለጌ ነው፣ ይላሉ። የቤታቸውንም ሙዚቃ ያሰናዱት በዚሁ ሃይማኖት ነው። አምፕሊፋየሩ መንገድ ዳር ባለው የሥራ ክፍላቸው፣ ከስፌት መኪናው አጠገብ ተቀምጧል። ስፒከሮቹ ያሉት ደግሞ ከኮሪደሩ ወዲያ፣ እንግዳ መቀበያው ውስጥ ነው። በመካከሉ ለበር ደወል የሚሆን ቀጭን ሽቦ በየበሩ አናትና በኮርኒሱ ጥግ አሳልፈው፣ የግድግዳውን ቀለም ቀብተው አጥፍተውታል። እንግዳ ገብቶ «ድምፁ በየት በኩል ነው የሚመጣው?» ሲል ደስታቸው ወሰን የለውም ነበር።

ነበር ማለቴ፣ በዚያ ቤት ሙዚቃ ከተከፈተ ቆይቷል። ምክንያቱ አንድ ልጃቸው ነው። ልጁ ቤዝ ጊታር ይጫወት ነበር። ከጓደኞቹ ጋር የመጀመሪያ ሲዲያቸውን የቀረጹ ዕለት ማንም ሳይሰማው ለአባቱ ይዞ መጣ። አባትና ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠው እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ሲያበቃ አባት ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ «እጅህ ንጹሕ አይደለም ልጄ» አሉት። «አንዱ ድምፅ ሳያልቅ ሌላው ይደረብበታል። ስፌት ቢሆን ኖሮ አስፈታህ ነበር።» ልጁ አልተከራከረም። ብዙም ሳይቆይ ጊታሩን ሸጠና ዕቃ ግምጃ ቤት ተቀጠረ። አዛውንቱ እውነቱን ነው የነገርኩት እያሉ ራሳቸውን ያጽናናሉ፤ ሲዲው ግን ከመሳቢያ ወጥቶ አያውቅም።

«ነይማ፣ የኔን አይተሽ ተማሪ» ብለው መሐንዲሷን ወደ ቤት አስገቧት። ልጅቱ ሽቦውን በዓይኗ እየተከተለች ከሥራ ክፍሉ እስከ እንግዳ መቀበያው ድረስ ሄደች። መጀመሪያ አደነቀች፣ ቀጥሎም ርቀቱን በእርምጃዋ ለካች።

«ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ፤ ሥራው ያምራል። ሽቦው ግን ለዚህን ያህል መንገድ አይሆንም።»

«ድምፅ እኮ ክብደት የለውም! ወፍራም ነገር ምን ያደርግለታል?»

«በሽቦው የሚሄደው ድምፅ አይደለም፣ ኤሌክትሪክ ነው። ረጅምና ቀጭን ጎማ ውሃ ሲያደክም አይተው የለ? ይሄም እንደዚያው ነው። ጉልበቱ ስፒከሩ ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይባክናል።»

«ሲባክን አላየሁም። ይሰማል አይደል?»

«ይሰማል እንጂ። ግን ደክሞ ነው የሚሰማው። የባሰው ጉዳት ደግሞ ቤዙ ላይ ነው። አምፕሊፋየሩ ስፒከሩን መግፋት ብቻ ሳይሆን 'በቃ፣ ቁም' ብሎ መያዝም አለበት። ሽቦው ረዝሞ ከቀጠነ መያዣው ይላላል። ስፒከሩ ቁም ሲባል አይቆምም፤ አንዱ ድምፅ ሳያልቅ ሌላው ይደረብበታል።»

አዛውንቱ ክው አሉ። ልጅቱ የልጃቸውን ነገር አታውቅም፤ ቃሉን ግን ከአፋቸው የወሰደች ያህል ደገመችው። ቢሆንም ሰው ካፈርኩ አይመልሰኝ ይላልና፣ ጥፋቱ የተጫዋቹ ቢሆንስ ብለው ሞገቷት። ሊሆን ይችላል፣ ሞክረን እንየው አለቻቸው።

በመጀመሪያ አንዱን ስፒከር ተሸክማ አምፕሊፋየሩ አጠገብ አመጣችና ከዚያው ከቀጭኑ ሽቦ ክንድ በማይሞላ ቁራጭ አገናኘችው። የሚከፈት ነገር ስትጠይቃቸው አዛውንቱ ብዙ አመነቱ። በመጨረሻም መሳቢያውን ስበው ያንን ሲዲ አወጡ። ድምፁ ጥርት ብሎ ወጣ። «አዩ፣ ቀጭን መሆኑ ብቻውን ኃጢአት አይደለም፤ ለአጭር መንገድ ይበቃል» አለቻቸው። ቀጥላም ስፒከሩን ወደ ቦታው መልሳ፣ የራሷን ወፍራም ኬብል በኮሪደሩ ወለል ላይ ዘርግታ አገናኘችና ያንኑ ዘፈን ደገመችው።

አዛውንቱ ያን ዕለት ከልጃቸው ጋር የተቀመጡበት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ቤዙ መጣ። እያንዳንዱ ድምፅ እንደ ኮት ቁልፍ በየቦታው ተተክሏል፤ ይጀምራል፣ ያበቃል፣ ሌላው ይከተላል። የተደረበ ነገር የለም።

«ውይ፣ ማነው ይሄ ቤዝ የሚጫወተው?» አለች ልጅቱ። «እጁ እንዴት ንጹሕ ነው!»

«ልጄ ነው» አሉ አዛውንቱ። «እስኪ ከመጀመሪያው ድገሚልኝ።»

ሲረጋጉ እንደ ተለማማጅ ሆነው ጠየቋት፤ እሷም በትሕትና አስረዳቻቸው። ከስፒከሩ ጀርባ ቁጥር አለ፣ ኦም ይባላል። የእርሳቸው አራት ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ወፍራም ሽቦ ይፈልጋል። ኤሌክትሪኩን የሚያግደው የሽቦው እምቢታም በኦም ይለካል፤ መሄጃና መመለሻው ተደምሮ የዚያን ቁጥር አንድ ሃያኛ ባይበልጥ ደግ ነው። ከሥራ ክፍሉ እስከ ስፒከሩ ዐሥራ አምስት ሜትር ያህል ስለሆነ የደወሉ ሽቦ እምቢታ የዚያን ቁጥር ሩብ ይደርሳል። ውፍረቱ ባለ ሁለት ተኩል ካሬ ሚሊሜትር ቢሆን ለጥቂት ይበቃል፣ ባለ አራት ቢሆን ግን ያለ ሐሳብ ነው። ከዚያ በላይ ማወፈር ትርፉ ድካም ብቻ። መደበቁንም ቢሆን አልነፈገቻቸውም፤ በወለሉ ጥግ በእንጨት ክፈፍ ሥር ይሄዳል አለቻቸው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ሽቦ ከመግዛትህ በፊት መንገዱን ለካ፤ የስፒከርህንም ቁጥር ተመልከት። መንገዱ ሲረዝም ሽቦው ይወፍር፤ ቅርብ ከሆነ ቀጭኑ ያገለግልሃል። ይህን ብታደርግ ዘፋኙ ከነትንፋሹ፣ ቤዙም ከነሥርዓቱ ቤትህ ይገባል። በሰው እጅ ላይ ከመፍረድህ በፊት ደግሞ ድምፁ በምን በኩል እንደ ደረሰህ መርምር። ይህን ምክር አዛውንቱ ሰሙ፤ ጊዜው ካለፈ በኋላ ሰሙ እንጂ። ሽቦ ይቀየራል፤ የአፍ ወለምታ ግን በቅቤ አይታሽም።

ልጅቱ ኬብሏን እዚያው ትታላቸው ወደ ፎቋ ስትወጣ ስልካቸውን አንስተው ልጃቸው ጋ ደወሉ። ከበስተኋላው የግምጃ ቤቱ ጋሪ ጩኸት ይሰማል።

«ደህና ነህ አባዬ? ምን ሆንክ?»

«ሲዲህን ሰማሁት» አሉ። «ዛሬ ነው የሰማሁት። ያን ጊዜ የሰማሁት የሽቦዬን ጥፋት ነበር። እጅህ ንጹሕ ነው ልጄ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅር በለኝ።»

ከስልኩ ወዲያ የጋሪው ጩኸት ቆመ። አዛውንቱ ስልኩ የተቋረጠ መስሏቸው ስሙን ጠሩ።

«አለሁ» አለ። «ይቅርታውስ ግድ የለም አባዬ። በእጅ ሥራ ላይ ግን አንተ ተሳስተህ አታውቅም ብዬ አመንኩህ እኮ። ሌሎቹ ሁሉ ጎበዝ ነህ ሲሉኝ አንተን ነው ያመንኩት።»

አዛውንቱ እሁድ ና፣ አብረን እንስማው አሉት። እመጣለሁ፣ አሁን ግን አለቃው እየጠራኝ ነው ብሎ ስልኩን ዘጋ።