በገበያው በር የታሰረው ገመድ

ጋሽ ሙሀመድሰይድ ከጎብዬ ወደ ቆቦ ሲመለሱ ደማቸው ፈልቶ ነበር። አርባ ሣጥን ቲማቲም ይዞ ሄዶ አርባውንም ይዞ መመለስ ምን ይሉታል! ባጃጆቹ ከሚቆሙበት ጥግ መኪናውን አስቁመው ወረዱና የሚቆጡትን ሰው ሲፈልጉ ኢልሀም ላይ ወደቁ። ኢልሀም የወንድማቸው ልጅ ናት፤ ኢኮኖሚክስ ተምራ እዚያው ቆቦ ታስተምራለች።

«ጋሼ፣ ደህና ዋሉ? ምነው፣ ቲማቲሙ ሳይሸጥ?»

«ምን ደህና አለ! የጎብዬ ሰዎች ገመድ ዘርግተው ጠበቁኝ። የቆቦ ቲማቲም በየሣጥኑ ሃምሳ ብር ካልከፈለ አይገባም ይሉኛል። ከፍዬ ብገባስ በዚያ ዋጋ ማን ይገዛኛል? ወላሂ፣ ቀማኞች ናቸው!»

«ገመዱን መጀመሪያ የዘረጋው ማን ነበር?»

ጋሽ ሙሀመድሰይድ አፈጠጡባት። ጥያቄው ያስቆጣቸው መልሱን ስለሚያውቁት ነው። ከሁለት ወር በፊት የጎብዬ ሽንኩርት የቆቦን ገበያ ሲያጥለቀልቀው፣ በቅሬው ስብሰባ ላይ ተነስተው «ከቆቦ ውጭ የመጣ ዕቃ ሁሉ በገበያው በር ይክፈል» ያሉት እሳቸው ነበሩ። ቅሬው ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም አንድ ላይ የያዘ፣ ሰው ሲሞት የሚቀብር፣ ሲድር የሚያግዝ የሰፈሩ ማኅበር ነው። ሐሳቡ ጸደቀ፤ ዱዓ ተደረገ፤ ሁሉም አሚን አለ። ዱዓ የተደረገበትን ነገር ደግሞ፣ ሐሳቡን ያመጣው ሰው ራሱ በጉባኤው ፊት ቆሞ «አውፍ በሉኝ» ካላለ በቀር ማንም አያፈርሰውም። እሳቸው ደግሞ በስድሳ ዓመት ዕድሜያቸው ይቅርታ ማለትን ለሚስታቸው እንኳ ብለውት አያውቁም።

«የራሳችንን ገበሬ ልንጠብቅ ነዋ! መንግሥት በውጭ ዕቃ ላይ ቀረጥ ይጥል የለም እንዴ? እኛ ስናደርገው ነውር ሆነ?»

«የመንግሥቱም ያው ገመድ ነው ጋሼ፤ ይረዝማል እንጂ። አንዱ አገር በሌላው ዕቃ ላይ ቀረጥ ሲቆልል ያኛው እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም፤ እሱም በተራው ይቆልላል። ከዚያ የሁለቱም ዕቃ ገዥ አጥቶ ደጃቸው ይቀራል። እርስዎም ሽንኩርት አስቁመው ቲማቲምዎን አስያዙ።»

«ሽንኩርታችን ግን ዋጋ አገኘ!»

«አገኘ። ማን ከፈለው? የጎብዬ ሰው ነው? ጎረቤትዎ ሸዋዬ ናት የከፈለችው። ምግብ ቤቷ አምስት ኪሎ ይወስድ የነበረው አሁን ሁለት ኪሎ ነው የሚወስደው፤ ወጡም ቀጥኗል፤ በላተኛውም ሸሽቷል። ቀረጡን ባዕድ የሚከፍለው ይመስለናል፤ ዞሮ ዞሮ የሚከፍለው የራሳችን ሰው ነው።»

ሊመልሱላት አፋቸውን ሲከፍቱ ከመኪናው ላይ አንድ ሣጥን ቂጡ ተገንጥሎ ቲማቲሙ አስፋልት ላይ ተዘረገፈ።

«ጋሹ! እጅህ ይሰበር አንተ አናጢ!» ብለው ሣጥኑን የሠራውን የቆቦ አናጢ በሌለበት ረገሙት።

«ዱሮ የጋሹን ሣጥን ይገዙ ነበር?»

«የጎብዬ አናጢዎች ያመጡልን ነበር። ጠንካራ ነበር።»

«አሁንስ ለምን አያመጡም?»

በጥርሳቸው መካከል፣ «ሣጥናቸውም ገመዱ ላይ ስለሚከፍል» አሉ። «ጋሹ ብቻውን ቀረ። ብቻውን ሲቀር ዋጋውን እጥፍ አደረገ፤ ሚስማሩን ቀነሰ። ሌባ!»

በገዛ አፋቸው ስለተናገሩት ንዴታቸው ባሰ። የሚጮሁበት ሌላ ሰው አልነበራቸውማ።

«ታዲያ ቀረጥ የሚባል ሁሉ ይቅር ልትይኝ ነው? ጀማሪውንስ ማን ይጠብቀው?»

«እንደሱ አልወጣኝም። ገና የሚውተረተር ፋብሪካ ከግዙፍ የውጭ ፋብሪካ ጋር ዛሬውኑ ግጠም ቢባል ይወድቃል። ለጥቂት ዓመት ቢከለልለት ደግ ነው። ግን ቀረጡ የሚነሳበት ቀን ከመጀመሪያው ይቆረጥ፤ በዚያ ጊዜ ውስጥም ሥራውን ማሻሻሉ ይታይ። ያለዚያ በየከተማው ጋሹን ነው የምናበዛው። እንደ ሣጥኑ አምራቹ በሚሠራበት ዕቃ ላይ ቀረጥ ስንጥልማ፣ እንጠብቀዋለን ያልነውን ሰው ራሱን ቀጣነው።»

ጋሽ ሙሀመድሰይድ አስፋልቱ ላይ የተዘረረውን ቲማቲም አዩ። ሳይሰናበቷት ሄዱ።

በማግስቱ ቅሬው ዋርካው ሥር ሲሰበሰብ ተነስተው ቆሙ።

«ገመዱን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ደንቁሬ ነበር። አውፍ በሉኝ!» አሉ። አነጋገራቸው ይቅርታ ሳይሆን ስድብ ይመስል ነበር።

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ።

«ማነው የሚስቀው? አሚን ያላችሁት እናንተ አይደላችሁም እንዴ!»

የቅሬው ዳኛ ጌታሁን ሳቁን ዋጥ አድርጎ፣ «አውፍ ብለናል» አለ፤ ጉባኤውም ተከተለው። ገመዱ የዚያኑ ቀን ተነሳ። ሽማግሌዎች ወደ ጎብዬ ሄዱ፤ የጎብዬም ገመድ በስድስተኛው ቀን ተነሳ። ጠንካራ ሣጥን በደህና ዋጋ መምጣት ጀመረ፤ ጋሹም እየተራገመ ሚስማሩን ጨመረ፤ የሸዋዬ ወጥ ሽንኩርት አገኘ፤ የቆቦን ቲማቲም ጎብዬ ላይ እየተሻሙ ገዙት።

የጋሽ ሙሀመድሰይድ ቲማቲም ግን ስድስት ቀን አልጠበቀም። ውሃ ሆኖ መፍሰስ ጀመረና ለከብቶች ሲደፉት ኢልሀም ደረሰች።

«አብሽር ጋሼ፣ የሚቀጥለው ምርት...»

«አብሽር አትበይኝ!» አሉ፣ ባዶውን ሣጥን ወርውረው። «ያቺን አንዲት ቃል ለማውጣት ሁለት ወር ፈጀሁ። ቶሎ ብያት ቢሆን ኖሮ ይኼን ሰው ይበላው ነበር።»