ሙሾ ውስጥ ያልገባው

በአንዲት የወረዳ ከተማ፣ ምርጫው አሥር ቀን ሲቀረው፤ ይበልጣል ለምክር ቤት ለሚወዳደረው ታላቅ ወንድሙ የተቀናቃኙን የአቶ ዘውገን ገመና ሲያሰባስብ ከርሞ፣ በሙሾ አውራጇ በእትዬ ማንጠግቦሽ ቤት በርጩማ ላይ ተቀምጧል።

ማንጠግቦሽ፦ አልፈርምም አልኩህ! የምስክርነት ወረቀቱን አንሳልኝ።

ይበልጣል፦ እትዬ ማንጠግቦሽ፣ ስምዎ አይወጣም እያልኩዎት?

ማንጠግቦሽ፦ ባይወጣስ? በዘውገ ሚስት ለቅሶ ሙሾ ያወረደ ከእኔ ሌላ ማን አለ? ድምፅህን ደግሞ ቀንስ። ስትገባ ያየህ ሰው አለ?

ይበልጣል፦ የለም፣ በጓሮ ነው የገባሁት።

ማንጠግቦሽ፦ ይባስ ብለህ በጓሮ! በዚህ ዕድሜዬ ሰው ምን ይለኛል?

ይበልጣል፦ ይቀልዱብኛል?

ማንጠግቦሽ፦ የምን ቀልድ! በሩን ዝጋልኝ።

ይበልጣል፦ ይስሙኝማ። ሁለት ወር ሙሉ ዘውገን ስፈትሽ ከረምኩ። የትምህርት ማስረጃው ደህና ነው። የፍርድ ቤት መዝገብ አገላበጥኩ፣ ስሙ የለም። የድሮ ንግግሩን ሁሉ አዳመጥኩ፤ እንቅልፍ ከማምጣት በቀር ጥፋት የለበትም። የቀረኝ የሚስቱ የስንዱ አሟሟት ነው።

ማንጠግቦሽ፦ ታማ ሞተች።

ይበልጣል፦ ራሷን አጥፍታ ነው። ካህናቱን ዋሽቶ ነው በፍትሐት ያስቀበራት። አንድ ምስክር አለኝ፤ ሁለተኛ ካልተገኘ ግን አናወጣውም። ሥራችን እንደዚያ ነው።

ማንጠግቦሽ፦ እኔ ምን አውቄ?

ይበልጣል፦ ከለቅሶ በፊት ቤተሰቡን ለብቻ ያነጋግሩ የለ? ምን ላንሳ፣ ምን ልለፍ ብለው? ዘውገ ምን እለፊልኝ አለዎት?

ማንጠግቦሽ፦ የምጠይቀው ላልፈው ነው እንጂ ላንተ ላስቀምጥልህ ነው? ልጅቷስ? ትርሲት ገና አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። እናቴን ወባ ገደለብኝ ብላ ነው የምታውቀው።

ይበልጣል፦ ልጅቷን አንነካም።

ማንጠግቦሽ፦ በመኪና ላይ በማይክ እየለፈፋችሁ?

ይበልጣል፦ ምርጫው ሦስት ቀን ሲቀረው ነው የምናወጣው። ዘውገ መልስ ሳያዘጋጅ ነገሩ ያልቃል።

ማንጠግቦሽ፦ ለእሷስ መቼ ነው የሚያልቀው?

ይበልጣል፦ እነሱ ቢያገኙብን ለእኛ የሚራሩልን ይመስልዎታል?

ማንጠግቦሽ፦ እንደማይራሩማ አየሁ። ከትናንት ጀምሮ እህል ያልቀመስኩት ለምን መሰለህ?

ይበልጣል፦ ትናንት ምን ሆነ?

ማንጠግቦሽ፦ የዘውገ ሰው መጣ። እንዲህ ያለ ወረቀት ይዞ፣ እዚያው አንተ የተቀመጥክበት ተቀምጦ። ስለ አባትህ ለቅሶ ጠየቀኝ። እናትህ እለፊልኝ ስላለችኝ ነገር።

ይበልጣል፦ እናቴ? ምን አሉት?

ማንጠግቦሽ፦ ነገ ተመለስ አልኩት። በል ቁርጡን ንገረኝ፤ ለሁለታችሁም ልፈርም ወይስ ለማናችሁም?